ማይክል ፋራዴይና በዘይት ውስጥ የሚሄደው ብልጭታ



በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በባቱ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዝናብ ሊጥል ሲል ነፋሱ ይነሣል፤ አቧራው መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ሰማዩ አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል። ከዚያ ከምሰሶው በኩል ጧ የሚል ድምፅ ይሰማና ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። ልጆች ትራንስፎርመር ፈነዳ እያሉ ይሮጣሉ። እርግጥ ብዙውን ጊዜ የፈነዳው ፊውዙ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን እውነትም ትራንስፎርመሩ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የጠቆረ ዘይት በምሰሶው ላይ ወርዶ መሬቱን አርሶት ይታያል።

ታዲያ ያ ዘይት እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን ስንጠየቅ ትራንስፎርመሩን ለማቀዝቀዝ ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ሥራው ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ጥቅል ሽቦ ወደ ሌላው ወይም ወደ ብረቱ በርሜል እንዳይዘል ማገድ ነው። እንግዲህ ዘይት ኤሌክትሪክን የሚያግደው እንዴት ነው? ማገድ ሲያቅተውስ በውስጡ ምን ይከሰታል? ይህን ጉዳይ በዓይናቸው አይተው ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ያየውም ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ትራንስፎርመር ሥራ ላይ ከመዋሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

ማይክል ፋራዴይ የተወለደው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በደቡብ ለንደን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ከሰሜን እንግሊዝ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የመጣ ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ጤናው የታወከ ስለነበረ ሙሉ ሳምንት ሠርቶ ቤተሰቡን ማስተዳደር የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ1801 የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ለትንሹ ማይክል ለሳምንት የሚሰጠው አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ትምህርቱም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመደመር መቀነስ ብዙም አላለፈም። ሒሳብ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ አልሆነለትም። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1804፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጆርጅ ሪቦ በተባለ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ። ጋዜጣ እያዞረ ያድላል፤ አንባቢው ሲጨርስ ደግሞ ተመልሶ ይሰበስባል። በሚቀጥለው ዓመት ሪቦ ለሰባት ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ተለማማጅ አድርጎ ወሰደው። መጽሐፍ ጠራዥ ቀን መርፌና ሙጫ ይዞ ይውላል፤ ልጁ ግን ማታ የጠረዘውን ያነባል። ለጥረዛ ከመጡት መጻሕፍት መካከል የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ነበረበት። እዚያ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን ምዕራፍ ካነበበ በኋላ በጥቂት ሳንቲም ጠርሙስ ገዝቶ በሰበቃ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ መሣሪያ ለራሱ ሠራ። ሁለተኛው መጽሐፍ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ የጻፈችው ነው። መጽሐፉ ለሊቃውንት የተዘጋጀ አልነበረም። አንዲት መምህርትና ሁለት ልጃገረዶች እየተጠያየቁ በሙከራ የሚማሩበት፣ ለጀማሪ የተዘጋጀ የጭውውት መጽሐፍ ነው። ፋራዴይ ታላቅ ሰው ከሆነ በኋላም ቢሆን ከኬሚስትሪ ጋር ያስተዋወቀችው ይህች ሴት መሆኗን ከመናገር ወደኋላ ብሎ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለክፍል ትምህርት ሲዘጋጅ ትዝ የሚለው ከፋራዴይ ይልቅ የማርሴት መጽሐፍ ነው።

ከ1810 ጀምሮ ማታ ማታ ለሠራተኞች የሚሰጥ የሣይንስ ንግግር መከታተል ጀመረ። መግቢያው አንድ ሽልንግ ነው፤ ሽልንጉን የሚከፍልለት እንደ አባቱ ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር። በ1812 ደግሞ የመጽሐፍ ቤቱ ደንበኛ የሆነ ሰው በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን የሰር ሐምፍሪ ዴቪን ንግግር የሚያስገባ ቲኬት ሰጠው። አራቱን ንግግሮች ተከታትሎ በማስታወሻ ያዘ፤ ሥዕል ጨመረበት፤ እንደ ሙያውም አሳምሮ ጠረዘውና ወደ 300 ገጽ የሚጠጋውን ጥራዝ ሥራ ከመለመኛ ደብዳቤ ጋር ለዴቪ ላከለት። ዴቪ መልካም መልስ ሰጠው፤ ክፍት ቦታ ግን አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ የላቦራቶሪው ረዳት ተጣልቶ በመደባደቡ ተባረረ። በዚህም ምክንያት ማርች 1 ቀን 1813 የሃያ አንድ ዓመቱ ጠራዥ የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ብልቃጥ አጣቢ ሆኖ ገባ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀጥሎ ከዴቪ ጋር አውሮፓን ዞሯል፤ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው ስለነበረ ሥራውን ጥሎ ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን በአጭሩ እንለፈውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

በ1825 ፋራዴይ ከዘይት ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ከዓሣ ነባሪ ዘይት የሚገኝ ጋዝ በብረት ዕቃ ታምቆ ለመብራት ይሸጥ ነበር። ጋዙ ሲያልቅ ከዕቃው ሥር አንድ ዘይት መሰል ፈሳሽ ተጠራቅሞ ይገኛል። ሌላው ሰው የሚደፋውን ይህን አተላ ፋራዴይ እያነጠረና እያቀዘቀዘ ከውስጡ አዲስ ነገር ለየ፤ ይኸውም ዛሬ ቤንዚን ሪንግ እያልን በኬሚስትሪ ክፍል የምንሥለው የቤንዚን ውሁድ ነው። (ለመኪና ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር አይምታታብን።) የዚህ ግኝት የልጅ ልጅ ከመቶ ዓመት በኋላ ትራንስፎርመር ውስጥ ገብቶ ጉድ እንደሠራ ወደ ታች እናያለን።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ፋራዴይ የመጀመሪያው ትራንስፎርመር የምንለውን ዕቃ ሠራ። ዕቃው እንዲህ ነው፦ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የለስላሳ ብረት ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ በአንዱ ጎን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ በሌላው ጎንም እንደዚሁ። አንደኛውን ጥምጥም ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ በሁለተኛው ጥምጥም ጫፍ አጠገብ የተቀመጠችው የማግኔት መርፌ ፈንጠር ብላ ትመለሳለች፤ ባትሪውን ሲያላቅቅ ደግሞ በተቃራኒው ትወዛወዛለች። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ግንኙነት የለም። ኤሌክትሪኩ የተፈጠረው በማግኔቱ መለዋወጥ ብቻ ነው። ዛሬ ተለዋዋጭ ከረንት በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ የሚያደርገውን ፋራዴይ ባትሪውን በእጁ እያገናኘና እያላቀቀ አደረገው ማለት ነው።

ታዲያ ብዙ መጻሕፍት ሳይነግሩን የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ በፕላስቲክ ወይም በቫርኒሽ የተሸፈነ ሽቦ ከገበያ አይገዛም። ሽቦው ራቁቱን ነው። ስለዚህ ፋራዴይ በዙሩና በዙሩ መካከል ሲባጎ፣ በንብርብሩና በንብርብሩ መካከል ደግሞ አቡጀዲ እያስገባ ጠመጠመው። አቡጀዲውና ሲባጎው ከጥጥ፣ ማለትም ከተክል ጭረት የተሠሩ ናቸው። ዛሬም በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ሽቦው የሚጠቀለለው ከእንጨት ጭረት በተሠራ ወረቀት ነው። ልዩነቱ ወረቀቱ በዘይት መነከሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ስድስት ሰባት ዓመታት ስለ ፋራዴይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለሉ ናቸው፤ ለእኛ ርዕስ ግን ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት ስለ ኤሌክትሪክ ሲያስቡ ዓይናቸው በብረቱ ላይ ነበር። ቻርጅ ያለው በብረቱ ላይ ነው፤ አንዱ ብረት ሌላውን ከሩቅ ይስባል ወይም ይገፋል፤ በመካከል ያለው አየር፣ መስተዋት ወይም ዘይት ግን እንደ አጥር ዝም ብሎ የቆመ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፋራዴይ አልተዋጠለትም። በእሱ አስተሳሰብ በመካከል ያለው ነገር ሥራ ፈት አይደለም። እያንዳንዷ ቅንጣት ትወጠራለች፤ አንዷ ወገኗ በአንድ በኩል ሌላው ወገኗ በሌላ በኩል ተስቦ ውጥረቱን ለጎረቤቷ ታቀብላለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገርም ዳይኤሌክትሪክ የሚለው ስም ሥራ ላይ የዋለው በእሱ ጽሑፎች ነው።

ነገሩን በአፍ ብቻ አልተወውም። አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት የነሐስ ሉሎችን የያዘ መሣሪያ አሠራ፤ ትክክለኛ መንታውንም አሠራ። በአንደኛው ሉሎች መካከል አየር ብቻ አለ፤ በሌላው ውስጥ እንደ ሙጫ ያለ ሼላክ፣ ወይም ድኝ፣ ወይም መስተዋት ያስገባበታል። አንዱን ቻርጅ አድርጎ ከመንታው ጋር ሲያነካካው፣ በመካከል ያለው ነገር አጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቻርጁ እኩል ለእኩል ይካፈል ነበር። አልተካፈለም። መካከሉ በጠጣር የተሞላው መሣሪያ የበለጠውን ወሰደ። ዛሬ ይህን ችሎታ በቁጥር እናስቀምጠዋለን፦ አየር 1 ገደማ፣ የትራንስፎርመር ዘይት 2.2 ገደማ፣ ውኃ 80 ገደማ። የመጨረሻዋን ቁጥር ልብ እንበልልኝ፤ የትራንስፎርመር ጠላት ማን እንደሆነ የምትነግረን እሷ ናት።

ፋራዴይ ቀጠለና፣ ውጥረቱ ከልክ ሲያልፍስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። መልሱ ብልጭታ ነው። እገዳው በአንድ ደካማ ቦታ ይበጠሳል፤ ውጥረቱ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። በ1838 ባሳተማቸው ጽሑፎች ብልጭታን፣ በብሩሽ ቅርፅ የሚበተነውን ብርሃንና እንደ ፍም ጸጥ ብሎ የሚያበራውን እየለየ በአየርና በልዩ ልዩ ጋዞች ውስጥ መረመረ። ከዚያም ወደ ፈሳሽ ዞረ። የመረጠው ፈሳሽ ከጥድ ሙጫ የሚነጠረውን ተርፐንታይን ነው፤ የእኛ ቀለም ቀቢዎች አኳራጅ ከሚሉት ነገር ጋር የሚቀራረብ ማለት ነው። ይህ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ጥርት ያለ ስለሆነም በውስጡ የሚሆነው ሁሉ ይታያል።

የመጀመሪያው ሙከራ ይህ ነበር። በመስተዋት ዕቃ ንጹሕ ተርፐንታይን ሞላ። ሁለት ሽቦዎች ትይዩ አድርጎ ከተተ። ከዚያ ንጹሕና ደረቅ ነጭ ሐር ደቀቅ አድርጎ ቆራርጦ ዘይቱ ውስጥ በተነው። አንዱን ሽቦ ከሰበቃ ማሽን ጋር ሲያገናኘው በዘይቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተበትኖ የነበረው የሐር ቁርጥራጭ ከየአቅጣጫው እየሮጠ መጥቶ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ተሰለፈ፤ ጫፍ ለጫፍ ተያይዞም ከሽቦ እስከ ሽቦ የሚደርስ ድልድይ ሠራ። በመስተዋት ዘንግ ቢነኩት እንደ ገመድ ይጠነክራል። ማሽኑ ሲቆም ግን ድልድዩ ወዲያው ይፈርስና ሐሩ ይበተናል። ፋራዴይ ይህን ያደረገው የዘይቱ ቅንጣቶች በዓይን ሳይታዩ እንዴት እንደሚወጠሩ በሚታይ ነገር ለማሳየት ነበር። እንደ መምህር ብናየው እጅግ የተዋጣለት የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ጨለማ ክፍል ይፈልጋል። በብረት ዕቃ ውስጥ ተርፐንታይን አድርጎ፣ በመስተዋት ቱቦ የተሸፈነ ሽቦ ጫፉ ብቻ ወጥቶ ዘይቱ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ብዙ ከደከመ በኋላ ከሽቦው ጫፍ ቅርንጫፎቿ የተራራቁ፣ ብርሃኗ እጅግ የደከመ ትንሽ ብሩሽ ስትወጣ አየ። ቀጥሎም በዘይቱ ውስጥ ጥቂት አቧራ ወይም የሐር ብናኝ በኖረ ጊዜ ይህች ብሩሽ በጣም በቀላሉ እንደምትወጣ አስተዋለና በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጽፎ አለፈ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያች ዐረፍተ ነገር ውስጥ የትራንስፎርመር ዘይት ችግር ዋናው ነገር ተቀምጧል። ጥርት ያለ ደረቅ ዘይት በጣም ጠንካራ ነው። ዛሬ ሲመረመር ዘይቱ በስኒ መሰል ዕቃ ይቀዳና 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ በሚራራቁ ሁለት የብረት ጫፎች መካከል ቮልቴጁ በሰከንድ በ2 ሺህ ቮልት እየጨመረ ይሄዳል። የተጣራና የደረቀ አዲስ ዘይት 70 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ሊቋቋም ይችላል። እርጥበትና ብናኝ የገባበት ግን 30 ሺህ ሳይደርስ ብልጭ ይልበታል። ዓይን ልዩነታቸውን ላይለይ ይችላል። ምክንያቱ ከፋራዴይ ሐር የተለየ አይደለም፦ ከወረቀቱ የተላቀቀች ጭረት ዘይት ውስጥ ትንሳፈፋለች፤ ውኃ ትጠጣለች፤ የውኃ ቁጥር 80 የዘይት ደግሞ 2.2 ስለሆነ እርጥቧ ጭረት ከዘይቱ የበለጠ ትወጠራለች፤ ስለዚህም ውጥረቱ ወደሚበረታበት ቦታ ተስባ ትሰለፋለች። ጓደኞቿ ይከተሏታል። ድልድዩ ይሠራል። ብልጭታው መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ሌላው ጠላት አረፋ ነው። ዘይቱ ውስጥ የቀረች የአየር አረፋ ከዘይቱ ይልቅ ደካማ ሆና ሳለ ከዘይቱ የበለጠ ውጥረት ይደርስባታል። አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ሲደርስበት ይበጠሳል። በአረፋዋ ውስጥ ብቻ ትንንሽ ብልጭታ ይጀምራል፤ ይህም ከፊል ብልጭታ ይባላል። ትራንስፎርመሩ አይፈነዳም፤ መብራትም አይጠፋም። ዘይቱ ግን ቀስ በቀስ እየተበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ብልጭታው ወደ ትልቅ ነበልባል ሲያድግ ደግሞ በያጆች ዘንድ የሚታወቀው አሲቲሊን ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች እንደ ሐኪም ከበርሜሉ ዘይት ይቀዱና በውስጡ የሟሟውን ጋዝ ይመረምራሉ፤ ታማሚው ሳይናገር በሽታው ይታወቃል። ፋራዴይ በጨለማ ያያት ብሩሽም ዛሬ በፈጣን ካሜራ ፎቶ ተነሥታለች፤ ስትሪመር ይሏታል፤ ከፖዘቲቩ ጫፍ የሚነሣው ከኔጋቲቩ ይልቅ ፈጥኖ የሚሄድ ሲሆን፣ በሰከንድ ከአንድ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ቮልቴጁ በጣም ሲበረታ ከዚያም ብዙ እጥፍ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በቆቃ አዋሽ ተገድቦ የኤሌክትሪክ ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። የተሠራው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ሲሆን፣ ጉልበቱ 43.2 ሜጋዋት ነው። ከእሱ በታች ደግሞ በ1966 አዋሽ 2ኛ፣ በ1971 አዋሽ 3ኛ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ይዘው ተከተሉ። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖችም በ2012 በ51 ሜጋዋት፣ በ2015 በ153 ሜጋዋት ተመርቀዋል። ውኃውም ነፋሱም የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሩቅ እንዲሄድ በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ከተማ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ወይም ወደ 33 ሺህ ቮልት ይወርዳል፤ በመጨረሻ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ 380ና 220 ይሆናል። በየደረጃው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በፋራዴይ ቀለበት ዘመዶች ውስጥ ነው።

የስምጥ ሸለቆ አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቀን ፀሐይዋ ታነዳለች፤ ሌሊት ይበርዳል። ዘይቱ ቀን ይሰፋል፤ ሌሊት ይሸበሸባል፤ ሲሸበሸብ ከውጭ አየር ይስባል። ትራንስፎርመር ይተነፍሳል ማለት ነው። የሚስበው አየር ክረምት ከሆነ እርጥብ፣ በጋ ከሆነ አቧራማ ነው። ለዚህ ሲባል በትልልቆቹ ላይ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጠጠር የያዘ መተንፈሻ ይንጠለጠልባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዓይነት ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ውኃ ሲጠግብ ሐምራዊ ሮዝ ነው። ሮዝ ሆኖ የከረመ መተንፈሻ መተንፈሻ አይደለም። ከዚህም ሌላ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ በውጭ በኩል፣ በሸክላ ሲኒዎቹ ዙሪያ፣ ብልጭታ ከቆላው ባሕር ዳርቻ ይልቅ በቀላሉ ይዘላል። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ከፍታው ግድ አይሰጠውም።

ይህን ለክፍል ማሳየት ለሚፈልግ ሰልጣኝ፦ የፕላስቲክ ማስመሪያ በደረቅ ሱፍ ጨርቅ ፈትጎ፣ በጠረጴዛ ላይ ከተበተነ የፈትል ብናኝ በላይ ቢይዝ ብናኙ ቀጥ ብሎ ሲቆምና ሲያያዝ ያያል። በደረቁ ወራት ይሞከር፤ በሐምሌ እርጥበት እምቢ ይላል፤ እምቢታው ራሱ ትምህርት ነው። ወደ ምሰሶውና ወደ ትራንስፎርመሩ አጥር ግን ማንም ለማየት ብሎ አይጠጋ።

ከላይ ቀጠሮ የያዝንለት የቤንዚን ነገርም እዚህ ይገባል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ኬሚስቶች ሁለት የቤንዚን ቀለበቶችን አጣምረው ክሎሪን በመጨመር ፒሲቢ የሚባል ዘይት ሠሩ። እሳት አይዘውም፤ እገዳውም ጥሩ ነው፤ ስለዚህ በብዙ አገር ትራንስፎርመር ውስጥ ተሞላ። ኋላ ግን በሰውነት ስብ ውስጥ የሚከማች፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ መሆኑ ታወቀ። ኢትዮጵያም ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት ከልክሎታል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የፈሰሰን ዘይት ለቁስል ወይም ለጸጉር የሚቀባ፣ ከዚያም አልፎ ለመጥበሻ የሚያስብ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩት።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ፋራዴይ ይህን ሁሉ ሲያገኝ ዋጋ ከፍሏል። ከ1839 ጀምሮ ራሱን ያዞረው ነበር፤ ማስታወስም አቃተው። ትናንት የሠራውን ሙከራ ዛሬ ይረሳዋል። ለማረፍ በ1841 ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ ለጥቂት ዓመታትም ከባዱን ምርምር ተወ። በዚህ ላይ ስለ ዳይኤሌክትሪክ ያለውን ሐሳብ ብዙዎቹ የሒሳብ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የድሮው ቀመር በሩቅ መሳሳብን አስልቶ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ታዲያ ቀመር የሌለው የጠራዥ ሐሳብ ምን ይጨምራል ነው ነገሩ። ፋራዴይ መልስ የሚሰጥበት ሒሳብ አልነበረውም። የነበረው የሙከራ ማስታወሻው ብቻ ነው፤ ያን ቁጥር እየሰጠ አንቀጽ በአንቀጽ ይጽፈው ነበር።

የመጀመሪያው እርዳታ የመጣው ዊልያም ቶምሰን ከተባለ ወጣት የሒሳብ ሰው ነው፤ የድሮው ቀመርና የፋራዴይ ሐሳብ እንደማይጣሉ አሳየ። በ1850ዎቹ ደግሞ በጉታ ፐርቻ ተሸፍነው በምድርና በባሕር ሥር የተዘረጉ የቴሌግራፍ ገመዶች መልእክት እያዘገዩ ባለቤቶቻቸውን ሲያስጨንቁ፣ ፋራዴይ ምክንያቱን በ1854 አስረዳ። ሽፋኑ አጥር ብቻ አይደለም፤ ተወጥሮ ቻርጅ ያስቀምጣል። ሥራ ፈት የተባለው ሽፋን ገንዘብ ሲያስጠፋ ነጋዴውም መሐንዲሱም ሰማ። ቀጥሎ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የፋራዴይን የኃይል መስመሮች ወደ ሒሳብ መልሶ ዛሬ የምናስተምረውን የኤሌክትሮማግኔት ንድፈ ሐሳብ አቆመ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ፋራዴይ ማስተማሩን አላቋረጠም። ንግግር አሰጣጥ ለመማር ገንዘቡን ከፍሎ መምህር የያዘ ሰው ነው። በ1827ና በ1860 መካከል በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ተከታታይ ትምህርት 19 ጊዜ ሰጥቷል። ስለ አንዲት ሻማ መንደድ የሰጠው በ1861 በመጽሐፍ ታትሞ እስካሁን ይነበባል። የመንግሥት የብርሃን ቤቶች አማካሪም ነበር። የሰርነት ማዕረግ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ቢሉትም አልተቀበለም። ሚስቱ ሣራ ስትሆን በ1821 ተጋብተዋል፤ ልጅ አልወለዱም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የማስታወስ ችሎታው እየደከመ ሄዶ ማስተማሩንም ምርምሩንም ተወ። ንግሥቲቱ በሰጠችው ቤት በሃምፕተን ኮርት ሲኖር ቆይቶ ኦገስት 25 ቀን 1867 ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። የተቀበረው በለንደን ሃይጌት መቃብር ነው።

ዘይት ያለበት ትራንስፎርመር ሩቅ ለሚሄድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ብቃቱን ያሳየው ከሞተ ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1891 ነው። ያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ ከላውፈን ከተማ እስከ ፍራንክፈርት ከተማ 175 ኪሎ ሜትር ኤሌክትሪክ ተላከ። የ1831ዱ ቀለበት ግን አሁንም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሙዚየም ተቀምጧል። በሽቦዎቹ መካከል ያስገባው ሲባጎና አቡጀዲ በላዩ ላይ ይታያል።